የአንዷ ፍሬ ዋጋ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ታላቅ ወንድሜ ሄፓታይተስ ሲ (የጉበት ቫይረስ) ተገኝቶበት ሐዋሳ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ሶፎስቡቪር የሚባለውን መድኃኒቱን ስገዛ፣ ባለሙያዋ «ይሄ አሜሪካ አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር ነበረች» ብላ ሳቀች። ቤት ገብቼ ብልቃጡን ከፍቼ ቆጠርኩ፣ 28 ፍሬ። እውነቷን ነው? ለምን?

መልስ፦ እውነቷን ነው ወንድሜ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጊልያድ የሚባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ የ12 ሳምንቱን ሕክምና 84,000 ዶላር አለው። 84 ፍሬ ነው፣ ማካፈሉን ላንተ ልተው። ተመራማሪዎች የሙሉ ሕክምናውን የማምረቻ ወጪ ሲያሰሉት ግን ከ68 እስከ 136 ዶላር ነበር የመጣላቸው። ኩባንያዎች «የምርምር ወጪ ነው፣ ከብዙ ሙከራ አንዱ ነው የሚሳካው» ይላሉ። ውሸት አይደለም። ግን ጊልያድ ይህን መድኃኒት ያገኘው ፋርማሴት የሚባለውን ኩባንያ በ11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ነው፣ እና በ2015 የአሜሪካ ሴኔት ምርመራ ሲወጣ ዋጋው የተተመነው ገቢን ከፍ ለማድረግ መሆኑ ተነገረ። ፓተንት (ሌላ እንዳያመርተው የሚከለክል መብት) ይዞ ተፎካካሪ የለበትማ!

በ2014 ጊልያድ ለህንድ አምራቾች መድኃኒቱን አምርተው ለተወሰኑ አገሮች እንዲሸጡ ፈቃድ ሰጠ። ኢትዮጵያ የአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ገባች፣ ዋጋውም ወረደ። ብልቃጡን ገልብጠህ የት እንደተመረተ እስኪ እየው። ብራዚልና ቻይና ግን ያኔ ውጪ ቀሩ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ እዚያም ድሃ አለ እኮ።