የኋይትቻፕል ግድያዎች አጥኚዎች ጉባኤ፦ ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

እ.ኤ.አ. በ1888 በምሥራቅ ለንደን፣ በኋይትቻፕል ሰፈርና በአካባቢው የተፈጸሙትንና ገዳያቸው እስከ ዛሬ ያልታወቀውን ግድያዎች የሚያጠኑ ሰዎች ለንደን ውስጥ ባደረጉት የሁለት ቀን ጉባኤ ላይ መገኘቴን የሰሙ የንባብ ክበባችን አባላት፣ ጥያቄዎቻቸውን በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ገዳዩ ቢታወቅ እንኳ ለፍርድ አይቀርብም። ታዲያ ሰዎቹ የሚሰበሰቡት ለምንድን ነው?

እኔም ስሄድ እያንዳንዱ የየራሱን ተጠርጣሪ ይዞ ሲሟገት የሚውል መስሎኝ ነበር፤ እንዲህ ያሉትም አልጠፉም። አብዛኛው ንግግር ግን ስለ ሰፈሩና ስለ ሟቾቹ ኑሮ ነበር። ሜሪ አን ኒኮልስ በተገደለችበት ሌሊት ለአልጋ የሚከፈለውን 4 ፔንስ አጥታ ከማደሪያ ቤት መመለሷን፣ አኒ ቻፕማንም ከሳምንት በኋላ በተመሳሳይ ምክንያት ውጭ ማደሯን ስሰማ፣ ነገሩ ከገዳዩ ማንነት ይልቅ የድህነት ታሪክ ሆኖ ታየኝ። በእኛ አቆጣጠር ኒኮልስ የሞተችው ነሐሴ 26 ቀን 1880 ዓ.ም.፣ አንድ ሰው እንደገደላቸው ከሚታመነው ከአምስቱ ሴቶች የመጨረሻዋ ሜሪ ጄን ኬሊ ደግሞ ኅዳር 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። እኛ ዘመን ስንለውጥ ያ ሰፈር በፍርሃት ተውጦ ነበር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በሻል ላይ በተገኘ ዲኤንኤ ገዳዩ ታወቀ ሲባል ሰምቻለሁ። በጉባኤው ተነሥቶ ነበር?

ተነሥቷል፤ ረጅሙ ክርክርም እርሱ ነበር። ሻሉ ከአምስቱ ሟቾች አንዷ የካትሪን ኤዶውስ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ፖሊስ አስከሬኗ ላይ ያገኘውን ልብስና ዕቃ አንድ በአንድ መዝግቦ ሳለ እንዲህ ያለ ሻል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የተመረመረውም ከእናት የሚወረሰው ሚቶኮንድሪያል ዲኤንኤ ሲሆን፣ ይህ ዓይነቱ ብዙ ሰዎች የሚጋሩት በመሆኑ አንድን ሰው ከጥርጣሬ ለማውጣት እንጂ «እገሌ ነው» ለማለት አይበቃም። በዚያ ላይ ጨርቁ ለብዙ ዘመናት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

ለእኛ ለሐረር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ራምቦ ቤት» እያልን ለእንግዳ የምናሳየው ያ ያማረ ባለ ፎቅ ቤት ከፈረንሳዊው ገጣሚ ከራምቦ ዘመን በኋላ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ራምቦ ግን በእርግጥ ሐረር ኖሯል፤ እነዚያ ግድያዎች ሲፈጸሙም እዚሁ ይነግድ ነበር። ታሪኩ እውነት መሆኑ ዕቃውን እውነተኛ አያደርገውም። በእረፍት ሰዓት ይህን ለአንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ብነግራቸው በጣም ሳቁ፤ ሻሉን ግን እንደ ማስረጃ መቁጠራቸውን አልተዉም።

ጥያቄ፦ ከመሄዴ በፊት ምን ላንብብ?

ተጠርጣሪ አገኘሁ ከሚሉ መጻሕፍት አይጀምሩ። የፖሊስ ባለሥልጣኑ መልቪል ማክናተን እ.ኤ.አ. በ1894 የጻፈውንና ድሩዊት፣ ኮዝሚንስኪና ኦስትሮግ የተባሉ ሦስት ሰዎችን የጠቀሰበትን ማስታወሻ ግን ያንብቡት፤ የሚያነቡትም ስሕተቱን ለማየት ነው። ማክናተን ፖሊስ ውስጥ የገባው ከግድያዎቹ በኋላ በ1889 ነበር። ድሩዊትን የ41 ዓመት ሐኪም ይለዋል፤ ሰውየው ግን የ31 ዓመት ጠበቃና መምህር ነበር። ኦስትሮግ ደግሞ በዚያ ወቅት ፈረንሳይ ውስጥ ታስሮ እንደነበር በኋላ ተረጋግጧል። የባለሥልጣን ወረቀት እንዲህ ከሳተ፣ የሌላው እንዴት እንደሚሆን ይገምቱ።

ጥያቄ፦ ለገዳዩ «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለውን ስም ያወጣለት ማን ነው?

ስሙ የታወቀው ለአንድ የዜና ወኪል በተላከና መስከረም 25 ቀን 1888 (በፈረንጆች) በተጻፈ ደብዳቤ ነው። የፖሊስ ኃላፊዎች ኋላ ላይ ደብዳቤውን ጋዜጠኛ እንደጻፈው አምነዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ስለሆነም ስሙን ከመጥራት «የኋይትቻፕል ግድያዎች» ማለትን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በሰው ሞት መነገድ አይሆንም ወይ?

አንዳንዱ ይሆናል። ቢላዋ የተሣለበት ስኒ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ነበር፤ አልፌው ሄድኩ።

ጥያቄ፦ ግድያዎቹ የተፈጸሙባቸው ቦታዎች አሁንም ይታያሉ?

የማታው የእግር ጉብኝት ከሁሉም የተሻለው ክፍል ነበር፤ ነገር ግን ጀጎልን እንደለመደ ሰው ከሄዱ ቅር ይልዎታል። እኛ የድሮውን መንገድ ዛሬም እንረግጠዋለን፤ እዚያ ግን ኒኮልስ የተገደለችበት ባክስ ሮው ስሙ ተለውጦ ደርዋርድ ጎዳና ተብሏል፤ ኬሊ የተገደለችበት ሚለርስ ኮርት ፈርሷል፤ በማይተር አደባባይ ዙሪያም አዳዲስ ሕንፃዎች ቆመዋል። የቀረው ርቀቱ ነው። ኤልዛቤት ስትራይድ ከሞተችበት ግቢ ኤዶውስ እስከተገደለችበት አደባባይ በእግር ሲሄዱ፣ ሁለቱ በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ልዩነት እንዴት ሊገደሉ እንደቻሉ በእግርዎ ይረዱታል። የመጀመሪያው ቦታ በሜትሮፖሊታን ፖሊስ፣ ሁለተኛው በሲቲ ፖሊስ ሥር ስለነበር ምርመራው ለሁለት መከፈሉም ያኔ ግልጽ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቪዛውስ?

የጎብኚ ቪዛ ይበቃል። የጉባኤው መግቢያ ደረሰኝ ብቻውን ግን አያስገባም፤ ወጪዎን የሚሸፍኑበትንና ወደ አገርዎ የሚመለሱበትን ምክንያት በሰነድ ማሳየት ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ብሄድ ይገባኛል?

ተናጋሪዎቹ ፈጣኖች ናቸው፤ እኔም ሲቀልዱ ብዙ ጊዜ አምልጦኛል። አስቀድመው የአሟሟት ምርመራ ችሎቶቹን ዘገባ ቢያነቡ ግን ይጠቀማሉ። የዘመኑ ጋዜጦች የምስክሮቹን ቃል በጥያቄና መልስ መልክ አትመውታል፤ የሚናገሩትም የገበያ ሰዎች፣ ጋሪ ነጂዎችና ጎረቤቶች ስለሆኑ ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። የኒኮልስን ችሎት ዘገባ አባዝቻለሁ፤ የፈለገ በሚቀጥለው ስብሰባችን ይውሰድ።