የመጀመሪያ ቀጠሮህን ስትጠብቅ

ወንድሜ፣ ከውጭ አገር ቴራፒስት (የሥነ ልቦና ባለሙያ) ጋር በቪዲዮ የምትነጋገርበት ቀን ገና ሳምንታት ቀርተውት እንቅልፍ እንዳጣህ ጽፈሃል። ከሁሉም የከበደህ «ልጅ ሳለሁ ወንድ መሆኔን አላውቅም ነበር፤ ለዓመት በዓል ቀሚስ ለብሼ እደሰት ነበር፤ ይህን ብናገር አያምነኝም» የሚለው ነው። እኔም እንዳንተ ትራንስ ወንድ ነኝ፤ ስወለድ ሴት ናት የተባልኩ ወንድ ማለት ነው፤ ያደግሁት ሐረር፣ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ያንን ጥበቃ አልፌበታለሁ።

ስለ ቀሚሱ ለቴራፒስቱ ንገረው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያወቁ ሰዎችን ታሪክ ደጋግመን ስለምናነብ፣ ያ ታሪክ የሌለን ሰዎች ሐሰተኞች የሆንን ይመስለናል። አንዳንዱ በልጅነቱ ያውቃል፣ አንዳንዱ ሰውነቱ መለወጥ ሲጀምር፣ አንዳንዱም ካገባ በኋላ። ልጅ የሚለብሰው እናቱ የገዛችለትን ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ የሚያስደስተው ቤቱ በሙሉ እንጂ ልብሱ ብቻ አይደለም። እኔን ያነጋገረችኝ ባለሙያ ስለ ልጅነቴ የጠየቀችው ጥቂት ነበር። ይበልጥ ማወቅ የፈለገችው እንዴት እንደምተኛ፣ ራሴን ለመጉዳት አስቤ አውቅ እንደሆነ፣ ከቤተሰብ ማን እንደሚያውቅ፣ የምተዳደረው በማን ገንዘብ እንደሆነ ነው። «ከልካይ ባይኖርህ ነገ ምን ታደርግ ነበር?» ስትለኝ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ፤ አላጣደፈችኝም። መልሱን የነገርኳት በሚቀጥለው ቀጠሮ ነው።

እብድ ተብዬ እመዘገባለሁ ብለህ ከሆነም አትስጋ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ምደባ የእኛን ጉዳይ፣ ማለትም የሚሰማን ፆታ ስንወለድ ከተሰጠን ጋር አለመግጠሙን፣ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል።

ቅጹ ሲላክልህ የልደት ቀንህን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለውጠህ ሙላ፤ መጠራት የምትፈልግበትን ስምም ጻፍ። ሰዓቱን በጥንቃቄ አስላ። ለምሳሌ የለንደን ጠዋት 10:00 በብርዳቸው ወራት የእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ግን 6 ሰዓት ይሆናል። ያ ሰዓት ደግሞ ድሬዳዋ ሙቀቱን ሸሽታ ቤቷ የምትገባበትና በርጫ የሚጀመርበት በመሆኑ ቤተሰብህ በሙሉ ከአጠገብህ ይሆናል። ከቻልክ ከዚያ ቀደም ብሎ ጠዋት እንዲሆን ጠይቅ። እኔ ሳቢያን ሰፈር ያለ የጓደኛዬን ክፍል ነበር የተጠቀምኩት። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለህ የጆሮ ማዳመጫ አድርግ፣ ሰው ሲገባ በጽሑፍ መቀጠል እንደምትፈልግም አስቀድመህ ንገረው። መብራትና ኔትወርክ ቢጠፋ በምን እንደምትገናኙ ተስማሙ።

መልእክቶችህን በራሳቸው እንዲጠፉ አድርግ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ነው፤ ስልክህን የሚከፍት ሰው ግን እኛን ከዚያ ለይቶ አያይም።

ስለ ሰውነትህ ደግሞ እለምንሃለሁ፦ ደረትህ ጠፍጣፋ እንዲመስል ብለህ በፋሻ አትጠፍረው። ፋሻ ስትንቀሳቀስ እየጠበቀ ይሄዳል፣ ትንፋሽ ይከለክላል፣ የጎድን አጥንትንም ይጎዳል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ጠበቅ ያለ የስፖርት ጡት መያዣ ይሻልሃል፤ እርሱንም ቢሆን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አትልበስ፣ ለብሰኸውም አትተኛ። ከስፖርት ቤት ሰዎች እገዛለሁ ያልከውን ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ተው። የቀይ የደም ሴሎችን ብዛት ሊጨምርና ደምን ሊያወፍር ስለሚችል ተከታታይ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ አንዴ የጎረነነ ድምፅ ደግሞ መድኃኒቱን ብታቆምም አይመለስም። አንተ ያንን ድምፅ እንደምትናፍቀው አውቃለሁ፤ እኔም ናፍቄዋለሁ። የምትወስደው ግን ምን ያህል እንደምትወስድ የሚያውቅ ሐኪም እየተከታተለህ ይሁን።

በመጨረሻ «ከቀጠሮው በፊት ለእናቴ ልንገራት?» ብለሃል። ቤቷ ውስጥ በእጇ እየበላህ ነው፤ ብታስወጣህ የምትጠጋበት ቤት አሁን የለህም። አትንገራት። እንዴትና መቼ እንደምትነግራት ግን ከባለሙያው ጋር የምታነሳው የመጀመሪያ ጉዳይ አድርገው፤ እርሱም ስለ እርሷ ሲጠይቅህ የምትፈራውን ብቻ ሳይሆን የምትወድላትንም ንገረው።