ቃሉ በፕሮግራም ከተመደበ መንፈስ ቅዱስ የት ይገባል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ካዛንቺስ ነው የምሰራው፣ ቢሮ አብራኝ ያለች አንድ ጋናዊት ሜቶዲስት ናት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን አውጥታ የሳምንቱን ንባብ ታነባለች። ከብሉይ ኪዳን አንድ፣ ከመዝሙር አንድ፣ ከመልእክት፣ ከወንጌል፣ ሁሉም ቀድሞ የተመደበ ነው፣ አክራ ያለችው እናቷም በዛው ሳምንት እሱኑ ነው የምታነበው። እኔ ያደኩበት ቸርች ደሞ ፓስተራችን ጌታ ልቡ ላይ ያስቀመጠለትን ነው የሚሰብከው። ደስ ብሎኝ አብሬያት ማንበብ ጀምሬያለሁ ግን ውስጤ ይከራከረኛል፣ ቃሉ በፕሮግራም ከተመደበ መንፈስ ቅዱስ የት ይገባል? ደረቅ ልማድ አይሆንም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሜቶዲስቶቹን መነሻ ላንሳልሽ ምክንያቱም የመልሱ ግማሽ እዛ ውስጥ አለ። እንቅስቃሴውን የጀመረው ጆን ዌስሊ የአንግሊካን፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን፣ ቄስ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1791 እስከሞተ ድረስም ከዛች ቤተክርስቲያን አልወጣም። ኦክስፎርድ እያለ ከወንድሙ ከቻርልስና ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ሰዓት ጠብቀው ይጸልያሉ፣ ይጾማሉ፣ እስር ቤት ሄደው እስረኛ ይጠይቃሉ፣ ሜቶዲስት የሚለው ስም ራሱ በዚህ ሥርዓታቸው ሰው ሲያሾፍባቸው የወጣላቸው ነው። ግን ያ ሁሉ ድካም ልቡን አላሳረፈለትም። ሜይ 24 ቀን 1738 ጠዋት አዲስ ኪዳኑን ሲገልጥ 2ኛ ጴጥሮስ 1፥4 ላይ ዓይኑ አረፈ፣ ከሰዓት በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ውስጥ መዝሙር 130 ሲዘመር ሰማ፣ ከጥልቅ የሚጮኸውን ሰው መዝሙር ማለት ነው፣ ማታ ደሞ ሳይፈልግ በግዱ ለንደን አልደርስጌት ጎዳና ወደነበረች ትንሽ ስብሰባ ሄደ። እዛ አንድ ሰው ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈውን መግቢያ እያነበበ ነበር። ከምሽቱ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ልቡ ሲሞቅ ተሰማው፣ ክርስቶስ የእኔን ኃጢአት፣ የእኔኑ፣ ወስዶልኛል ብሎ አረፈ።

እንግዲህ ልብ በይልኝ፣ ስብከት እንኳን አልነበረም፣ ከ200 ዓመት በላይ የሆነው ጽሑፍ ሲነበብ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው። መንፈስ ቅዱስ የተዘጋጀ ንባብ ላይ አይመጣም የሚለውን ሀሳብ እኔ በጭራሽ አልቀበለውም። ዌስሊም ቢሆን ከዛ በኋላ ጸሎቱን፣ ጾሙን፣ ቅዱስ ቁርባኑን፣ ቃሉን ማንበብና መስማቱን አልተወም፣ የጸጋ መንገዶች ብሎ ነው ያስተማረው፣ በራሳቸው አያድኑም ግን እግዚአብሔር በነሱ በኩል ሊያገኘን ቃል ስለገባ እዛ ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን ነው ነገሩ።

አሁን ጓደኛሽ የምታነበው ምን እንደሆነ። ንባቦቹን የሚመድበው ሰንጠረዥ የሦስት ዓመት ነው፣ አንዱ ዓመት ማቴዎስ፣ ሁለተኛው ማርቆስ፣ ሦስተኛው ሉቃስ፣ ዮሐንስ በሦስቱም ዓመት በተለይ በዐቢይ ጾምና በትንሣኤ ሰሞን ይገባል። አሁን በብዙ አገር የሚሰራበት የተሻሻለው ቅጂ በ1992 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ ሜቶዲስቶች ብቻ ሳይሆኑ ሉተራውያን፣ አንግሊካኖች፣ ፕሬስቢቴሪያኖችም ይጠቀሙበታል። ዓመቱ የሚጀምረው ከፈረንጆቹ ገና በፊት ባሉት አራት እሁዶች ነው፣ በ2025 መጨረሻ የጀመረው የማቴዎስ ዓመት ነው። ሜቶዲስቶች ዘንድ ደሞ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፣ በእንግሊዝ ለምሳሌ ብዙ አጥቢያዎች በአንድ ሰርክዩት ስር ናቸው፣ በየሦስት ወሩ ፕላን ይወጣና ሰባኪዎቹ፣ ብዙዎቹ ሌላ ስራ ያላቸው ተራ ምእመናን ናቸው፣ ዛሬ እዚህ በሚቀጥለው እሁድ እዛ እየዞሩ ይሰብካሉ። ሰባኪው በየሳምንቱ ሲቀያየር ምእመኑን አንድ መስመር ላይ የሚያቆየው ንባቡ ነው።

አንድ ሳምንት ብቻ ላሳይሽ፣ የማቴዎስ ዓመት የዐቢይ ጾም ሦስተኛ እሁድ። ዘጸአት 17፥1-7፣ መዝሙር 95፣ ሮሜ 5፥1-11፣ ዮሐንስ 4፥5-42። ስታይው አራቱ ምንም የሚገናኙ አይመስሉም። ቁጭ ብለሽ ስታነቢ ግን ዘጸአት ላይ ሕዝቡ ውሃ አጥቶ ሙሴን ሊወግረው ደርሷል፣ እግዚአብሔር በመካከላችን ነው ወይስ አይደለም ይላሉ፣ መዝሙሩ ያንኑ ቀን አንስቶ ልባችሁን አታደንድኑ ይላል፣ ሮሜ ላይ የእግዚአብሔር ፍቅር በመንፈስ ቅዱስ በልባችን ፈሰሰ ይላል፣ ዮሐንስ ላይ ደሞ ሳምራዊቷ ሴት ጉድጓዱ ጋ ትመጣለች። ስድስት ሰዓት ነው፣ የእኛው ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ። በፈረቃ ውሃ ጠብቆ ጀሪካን የተሸከመ የአዲስ አበባ ሰው ይሄንን ሳምንት ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል። እና መጨረሻ ላይ ያቺ ሴት እንስራዋን እዛው ትታ ወደ ከተማ ትሄዳለች፣ ለሱ የመጣችበትን እንስራ!

ከዚህ ሳምንት በፊት ያለው፣ የጾሙ ሁለተኛ እሁድ ንባብ ደሞ ኒቆዲሞስ ነው፣ ዮሐንስ 3። የታወቀ ሰው፣ መምህር፣ ስሙ የተጻፈለት፣ በሌሊት መጥቶ እንዴት ይሆናል እያለ ይጠይቃል። በሳምንቱ ስሟ እንኳን ያልተጻፈ ሴት፣ በቀትር፣ ሰፈሯን ሁሉ ወደ ጌታ ይዛ ትመጣለች። እኔ ራሴ መርጬ ባነብ እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ጎን ለጎን አላስቀምጣቸውም ነበር። የተመደበ ንባብ ዋናው ጥቅሙ ለኔ ይሄ ነው፣ የምወደውን ጥቅስ ብቻ እየመረጥኩ እንዳልኖር ያደርገኛል፣ ሁላችንም የለመድናት ኤርምያስ 29፥11 አለችን አይደል፣ እሷኑ እየደጋገምን ምዕራፉ የተጻፈው በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች እንደሆነ እንኳን አናይም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሰንጠረዡ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ አይሸፍንም፣ ከብሉይ ኪዳን ብዙ ይዘላል፣ ከመዝሙራትም ከበድ ያሉትን የእርግማን ክፍሎች ይተዋል፣ ስለዚህ የራስሽን ተከታታይ ንባብ እንዳታቆሚ። ፓስተርሽንም ከዚህ ጋር አታወዳድሪው፣ ሜቶዲስት ሰባኪም ሰንጠረዡን ትቶ በሌላ ክፍል መስበክ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን ሰነበትክ፣ አራት ኪሎ ነኝ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ። የልጅ ልጄ ስለነዚህ ሰዎች ሳምንታዊ ንባብ ሲነግረኝ ይሄማ የኛው ግጻዌ ነው አልኩት። ተሳሳትኩ?

መልስ፦ እማማ፣ አልተሳሳቱም። ግጻዌውም ለየዕለቱና ለየእሁዱ ምንባብ መድቦ የሚያስኬድ ነው፣ ከነሱ ሰንጠረዥም በብዙ ዘመን ይቀድማል። እንደውም የእርስዎ ጾም እሁዶች ስማቸው ራሱ ትምህርት ነው፣ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና ተብሎ ሲጠራ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳን የሳምንቱን ወንጌል በስሙ ያውቀዋል፣ መጻጉዕ ሲባል 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ፣ ገብር ኄር ሲባል መክሊቱን ያተረፈው አገልጋይ። ሜቶዲስቶች ከሆሣዕና በቀር ለጾሙ እሁዶች እንዲህ ያለ ስም የላቸውም፣ እኔ ቢኖራቸው ደስ ይለኝ ነበር። ጾሙም ይለያል፣ የእርስዎ 55 ቀን ነው፣ የነሱ እሁዶችን ሳይቆጥር 40። ኒቆዲሞስን ግን ሁለታችሁም በጾም ታገኙታላችሁ፣ እርስዎ በሰባተኛው እሁድ፣ እነሱ በማቴዎስ ዓመት በሁለተኛው። ለልጅ ልጅዎ ኒቆዲሞስ በሌሊት መጥቶ በዛው እንዳልቀረ ይንገሩት፣ ዮሐንስ 7 ላይ በሸንጎ ፊት ለጌታ ይከራከራል፣ ዮሐንስ 19 ላይ ደግሞ ለመቃብሩ መቶ ንጥር ያህል ከርቤና እሬት ይዞ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ከሰፈር ከተነሳን በኋላ የቤት ኅብረታችን ተበተነ፣ ገላን ጉራ የሄደ አለ፣ ለሚ ኩራ የሄደ አለ፣ እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ቤት ተከራይቼ ቀረሁ። ቴሌግራም ግሩፕ አለን ግን ጥቅስ መለጣጠፊያ ብቻ ሆኗል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህም ላይ ሜቶዲስቶች የሚያስተምሩን አለ። በ1742 ብሪስቶል ላይ የጸሎት ቤት ዕዳ ለመክፈል ምእመኑን አስራ ሁለት አስራ ሁለት እያደረጉ ከፋፈሉት፣ አንድ መሪ በየሳምንቱ እየዞረ ከእያንዳንዱ አንድ ፔኒ እንዲሰበስብ፣ ልክ እንደ ዕድር ማለት ነው። መሪዎቹ ቤት ለቤት ሲሄዱ ግን ከፔኒው በላይ ነገር አገኙ፣ የታመመ፣ የተጣላ፣ ወደ መጠጥ የተመለሰ፣ እምነቱ የቀዘቀዘ። ዌስሊ ወዲያው ሥራውን ለወጠው፣ መሪው ነፍስህ እንዴት ናት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሆነ፣ እንቅስቃሴውን ለብዙ ዓመት ያቆመው ይሄ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

እናንተም ጥቅስ መለጠፉን ተዉትና ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን አራት ንባቦች አንድ ሰው ብቻ ይላክ። ሁላችሁም ታክሲ ሰልፍ ላይም ሆነ ማታ ቤት አንብቡት። ሐሙስ ማታ በግሩፕ ኮል ለአንድ ሰዓት ተገናኙ፣ ስብከት አይኑር፣ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ይናገር፣ ከንባቡ የከበደኝ ይሄ ነው፣ ነፍሴ ደሞ በዚህ ሳምንት እንዲህ ናት። መናገር ያልፈለገ ሰው ዛሬ ይለፈኝ ይበል፣ አታስገድዱት። ዝም ብሎ ሁለት ሳምንት የጠፋ ካለ ግን ቴክስት አይበቃም፣ አንዳችሁ ተሳፍራችሁ ቤቱ ድረስ ሂዱ።