ወታደር የነበረ ስደተኛ ቤት ሊከራይ ሲመጣ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጀሞ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። ደላላ አንድ ኤርትራዊ ወጣት አመጣልኝ። ልጁ አገሩ እያለ ወታደር እንደነበረ ራሱ ነገረኝ። ጎረቤቶቼ “ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ” እያሉ አስፈራሩኝ። ላከራየው ወይስ ይቅርብኝ? ወረቀቱን ሳይስ ምኑን ነው የማየው?

መልስ፦ ወታደር ነበርኩ ማለቱ ብቻውን አያስፈራዎት። ኤርትራ ውስጥ ብሔራዊ አገልግሎት የሕግ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አዋጅ ዘመኑን 18 ወር ያደርገዋል፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ አሥራ ሁለት ወር አገልግሎት። እ.ኤ.አ. በ1998 የድንበሩ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ግን መጨረሻ የሌለው ሆኖ ቀርቷል። ብዙው ወጣት የሚሰደደውም ይህንኑ ሸሽቶ ነው። በግዳጅ ተመልምሎ የኮበለለ ልጅና መሣሪያውን እንደያዘ ድንበር የተሻገረ ተዋጊ ለየቅል ናቸው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የሚሰጠውን መታወቂያ ይጠይቁ። ፎቶውን ከፊቱ ጋር ያስተያዩ፤ ስምና ቁጥሩን ፊደል በፊደል ወደ ውሉ ይገልብጡ። ማብቂያ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ልብ ይበሉ፤ የፈረንጁን ዓመት እንደኛ ካነበቡት ያለፈበት ካርድ ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ይመስልዎታል። ቀጥሎ ከተማ ውስጥ እንዲኖር የተፈቀደለት መሆኑን የሚያሳየውን ማስረጃ ይዩ፤ ለኤርትራውያን ከካምፕ ውጭ የመኖር አሠራር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ፋይዳ ለስደተኞችም እየተሰጠ ነው፤ ነገር ግን ፋይዳ ሰውየው ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ አይተካም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅም አይቻልም። መታወቂያው ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ የሚያልቅ ከሆነ “ሲታደስ አዲሱን ኮፒ ያመጣል” የሚል አንቀጽ ይጨምሩ።

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ግን ከሌላ በኩል ነው። ደላላው “የስደተኛ ውል ያስቸግራል፣ በዚህ ኢትዮጵያዊ ጓደኛው ስም እንጻፈው” ይላል። እሺ እንዳይሉ። ወረዳ ወይም ፖሊስ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚገኘው ሰው ውሉ ላይ የለም፤ ውሉ ላይ ያለው ደግሞ የት እንደሚኖር አይታወቅም። ያኔ የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት። ኪራይ ቢቋረጥም የሚከሱት የማያውቁትን ሰው ነው። ዋናውን መታወቂያ “ለመያዣ” ብለው ማስቀረትም አይገባም፤ ልጁ መንገድ ላይ ቢጠየቅ ባዶ እጁን ነው። የፊትና የጀርባውን ኮፒ ይያዙ፣ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ሰፈር ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ሱዳን ነው። ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር ታጣቂም እየተቀላቀለ ይገባል ይባላል። ጦርነቱን ይዘውብን ቢመጡስ?

መልስ፦ ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ከዚህ በፊትም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተሸነፈው የሩዋንዳ ጦርና በዘር ማጥፋቱ የተሳተፈው የኢንተርሃምዌ ሚሊሻ ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው ወደ ዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራሲያዊ ኮንጎ) ገቡ። ጎማ ከተማ አካባቢ፣ ከድንበሩ አፍንጫ ሥር በተተከሉት ካምፖች የእርዳታ እህሉን ማከፋፈል ተቆጣጠሩ፤ ወጣቱን መለመሉ፤ ማታ ማታ ድንበር እየተሻገሩ ወጉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጦርነቱ ካምፖቹ ድረስ መጣ። ያኔ ሁለት ነገር አልተሠራም፦ ታጣቂውን ከሲቪሉ መለየትና ካምፑን ከድንበር ማራቅ።

ሁለቱንም ሕጉ ያዛል። ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ስደተኞች በተቻለ መጠን ከመጡበት አገር ድንበር ርቀው እንዲሰፍሩ ይላል። ስደተኛው በመጣበት አገር ላይ የማፍረስ ሥራ እንዳይሠራም ይከለክላል። ታጣቂ ከሆነ ድንበር ላይ መሣሪያውን ያስረክባል፤ በስደተኛነት አይመዘገብም፤ ከካምፕም ከድንበርም ራቅ ባለ ቦታ ለብቻው ይያዛል። ሚስትና ልጆቹ ሲቪል ናቸው፣ በወጉ ይመዘገባሉ። ትጥቅ የፈታው ከልቡና ለዘለቄታው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል። ያኔም ጉዳዩ በተናጠል ይመረመራል፤ የጦር ወንጀል ወይም በሰው ዘር ላይ ወንጀል ለመፈጸሙ ከባድ ምክንያት ከተገኘ ከለላው ይነፈገዋል።

የሚበላሸው ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ ነው። ምዝገባው በጅምላ ሲሆን ዩኒፎርሙን አውልቆ የተሰለፈን ሰው መለየት ይከብዳል። ስለዚህ በሰፈራችሁ ጠመንጃ የያዘ ወይም ለውጊያ የሚመለምል ሰው ብታዩ ለፖሊስ ተናገሩ። አንድ ሰው ሱዳናዊ ስለሆነ ብቻ መጠቆም ግን ትርፉ ፖሊስን ማድከምና ምስኪኑን ማንከራተት ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ የቀድሞው ሠራዊት ባልደረባ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ወደ ኬንያ ተሻግረው እስካሁን እዚያው ናቸው። አሁን “አገሬ መሬት ልግባ” ይላሉ። ከየት ይጀምሩ? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ አሁን በእጃቸው ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ከ1991 እ.ኤ.አ. በፊት ደርግን ሸሽተው ለወጡ ኢትዮጵያውያን ከለላው እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ እንዲያበቃ ተደርጓል። በሌላ ምክንያት ስደተኛነታቸው ከጸና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል በፈቃደኝነት የመመለሻ ቅጹን ፈርመው ይምጡ። ካልጸና ናይሮቢ ያለውን ኤምባሲያችንን ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ሰነድ) ይጠይቁ። ኢትዮጵያዊነታቸውን የሚያሳይ አሮጌ መታወቂያ፣ የሠራዊት ደብተር፣ ካጡም የእናንተን የቤተሰብ ማስረጃ ይያዙ። በሞያሌ ሹልክ ብለው እንዳይገቡ፤ የመግቢያ ማስረጃ የሌለው ሰው ለቀበሌ መታወቂያ ሲቀርብ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። የኬንያ ዜግነት ወስደው ከሆነ ሕጋችን ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ የሚጠይቁት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን ነው።