ከአጥሩ በፊት ሜትሩ

እዚህ አሜሪካ ቤት የገዛ ሐበሻ ልጆቹ ውሻ ካላመጣህ ብለው እስኪይዙት ድረስ አጥር ትዝ አይለውም። አገር ቤት አጥር ሳይኖር ግቢ የለም። እዚህ ግን ጓሮው ከጎረቤት ሣር ጋር የተቀላቀለ ነው። ድንበሩ የት ላይ ነው ብትሉት ባለቤቱም አያውቅም።

እኔም አላውቅም ነበር። በመሃላችን ያለውን ቁጥቋጦ አይቼ ድንበሩ ይሄ ነው ብዬ አጠርኩ። ጎረቤቴ ደግ ሰው ናቸው፣ ትንፍሽ አላሉም። ቤታቸውን ሊሸጡ ሲሉ ቀያሽ መጣ። አጥሬ 2 ጫማ፣ ማለትም 60 ሳንቲሜትር ያህል፣ እሳቸው መሬት ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ስድስት ቋሚ ከነሲሚንቶው ነቀልኩ። ወገቤ እስካሁን አልረሳውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁን ወረቀት አገላብጡ። የቦታው ፕላን ካለ የየጎኑ ርዝመት ተጽፎበታል። ግን አደራ፣ ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቡ። እኛ ሜሪላንድ ለብድር ተብሎ የሚሠራው ፕላን ለአጥር መትከያ አያገለግልም የሚል ማስጠንቀቂያ አለበት። ያን ጊዜ ቀያሽ ከፍሎ ማስለካት ነው። እኔ ያኔ የቆጠብኩት ብር ለማስነቀያውም አልበቃኝ።

ማዕዘኖቹ ላይ የተቀበረ የብረት ችካል ከተገኘ ሲባጎ ወጥሩና በእሱ ላይ 100 ጫማ በሚደርስ ሜትር ለኩ። በእርምጃ መለካት ይቅርባችሁ። ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው ቋሚው ላይ ነው። አንዱ ጎን 64 ጫማ ቢሆን፣ ባለ 8 ጫማ ፓነል፣ ማለትም ተገጣጥሞ የሚሸጥ የአጥር ክፍል፣ ስምንት ይበቃል። ቋሚው ግን ዘጠኝ ነው።

ከርዝመቱ ይልቅ ውሻ የሚያስጠፋው ተዳፋቱ ነው። 8 ጫማ ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ አንዱን ጫፍ ከፍ ያለው መሬት ላይ አስቀምጡ። ውሃ ልክ ጫኑበትና እስኪስተካከል ሌላውን ጫፍ አንሡ። ከዚያ ጫፍ እስከ መሬቱ ያለውን ለኩ። የእኔ ጓሮ 9 ኢንች ወጣ። ቀጥ ያለ ፓነል ብተክል ኖሮ ትንሿ ቺዋዋ ውሻችን በሥሩ ሽው ትል ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ መሬቱን ተከትሎ የሚያዘቅዝቅ አጥር ይሻላል። የእንጨቱን ክፍተት ደግሞ በቡችላው ጭንቅላት ልክ አስቡት። ጭንቅላቱ ከሾለከ ሌላው አካሉ ይከተላል።

በሩንስ? የሣር ማጨጃችሁን ከሰፊው ቦታ ለኩና ትርፍ ጨምሩበት። በጠባብ በር ማጨጃ በጎኑ ሲያስገባ ያየሁት ሰው አለ፣ ስሙን አልጠራም።

የሰፈሩ ማኅበርና የካውንቲው ፈቃድ እንደየቦታው ስለሚለያይ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት አስቀድማችሁ ደግሞ 811 ደውሉ፣ ነፃ ነው። መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለም ያሳዩዋችኋል። ቢጫው ጋዝ፣ ቀዩ መብራት፣ ሰማያዊው ውሃ፣ አረንጓዴው የፍሳሽ፣ ብርቱካናማው የስልክና የኢንተርኔት ነው። ዝናብ ሳያጥበው ፎቶ አንሡት።