ቄሳር ለምን ደነገጠ? የኦፔራ ቤት ምስጢር ለሚጽፉ አንባቢዎቻችን

ጥያቄ፦ ታሪካዊ የምርመራ ልቦለድ ጀምሬአለሁ። ቦታው ለንደን ነው፤ ጊዜው የአቀናባሪው የሄንደል ኦፔራ «ጁሊዮ ቼዛሬ» (ዩልዮስ ቄሳር) የታየበት የ1724 ወቅት (እ.ኤ.አ.)። ደም የማይፈስበት፣ ፈካ ያለ ታሪክ እንዲሆን እፈልጋለሁ። በሁለተኛው ገቢር አዳራሹ ሲጨልም የአንዲት እመቤት ሐብል ይሰረቃል። ያስኬደኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዘመኑን አሳምረው መርጠዋል፤ ጨለማውን ግን ያውጡት። በሄይማርኬት በነበረው የንጉሡ ቴአትር፣ ትርኢቱ እስኪያልቅ የአዳራሹ ሻማዎች አይጠፉም ነበር። ታዳሚው የጣሊያንኛውን ግጥም ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ገዝቶ በሻማው ብርሃን እያነበበ ነበር ዘፋኙን የሚከታተለው። አዳራሽን ማጨለም የተለመደው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ በ1876 የተከፈተው የጀርመናዊው አቀናባሪ የቫግነር የባይሮይት ቴአትር በዚህ ይታወቃል። መጋረጃውም ቢሆን አይረዳዎትም። አንዴ ከተነሳ በአብዛኛው እስከ ማብቂያው አይወርድም፤ ትዕይንት የሚለወጠው ሥዕል የተሳለባቸው ሰሌዳዎች ሰው ሁሉ እያየ በቦያቸው ላይ ሲንሸራተቱ ነው።

ሌባዎን የሚጠቅመው የታዳሚው ዓይን በየትኛው ቅጽበት የት እንደሚያርፍ ማወቁ ነው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አንድ አሪያ (ዘፋኝ ብቻውን የሚያዜመው ዘፈን) በሌላ ተተክቷል እንበል። ዘፋኟ ስትጀምር ግጥሙ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ አዳራሹ በሙሉ አቀርቅሮ ገጽ ያገላብጣል። ሐብሉ መጥፋት ያለበት ያኔ ነው። ደግሞም አሪያው እንደሚቀየር አስቀድመው የሚያውቁት ልምምድ ላይ የነበሩትና ኖታውን በእጅ የሚቀዳው ጸሐፊ ብቻ ስለሆኑ፣ የተጠርጣሪዎቹ ቁጥር በአንድ ጊዜ ይቀንሳል።

ምክራችንን ከጠየቁን ግን ሐብሉን ይተዉት። በዚያው ወቅት አንድ ጋዜጣ ያወራው ነገር አለ። የቄሳርን ክፍል የሚጫወተው ሴኔሲኖ፣ ቄሳር ፍርሃትን አያውቅም የሚለውን ስንኝ ሲያዜም ከጣሪያው አንድ የመድረክ መሣሪያ ወደቀ፤ ጀግናውም ተንቀጥቅጦ፣ ድምፁ ጠፍቶ አለቀሰ ይላል ወሬው። ማንም አልሞተም። ያስቃል፣ ደግሞም ጥያቄ ያስነሳል፦ በራሱ ወደቀ ወይስ ሰው ጣለው? ለፈካ ምስጢር ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ከዚህ በታች ያሉትን መልሶችም በዚሁ ክስተት ላይ ተመሥርተን ነው የጻፍነው።

ጥያቄ፦ ወንጀለኛው የመድረክ መሣሪያውን በያዘው ገመድ ሥር የበራ ሻማ አስቀምጦ፣ ገመዱ ተቃጥሎ ሲበጠስ እሱ ሌላ ቦታ በሰው ፊት ቢታይስ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ብዙ ደራሲ የሚስተው ግን የሻማውን ዓይነት ነው። የዛሬ ሻማ ክር የተጎነጎነ ስለሆነ ሲነድ ጎንበስ ብሎ ራሱን ይበላል፤ ይህ የመጣው በ1820ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የሞራ ሻማ ክሩ በየጊዜው በመቀስ ካልተቆረጠ ይረዝማል፣ ይጠቁራል፣ ያጨሳል፤ ነበልባሉ ይደክማል፤ የቀለጠው ሞራ በአንድ ጎን ይፈስሳል። ብቻውን የተተወ የሞራ ሻማ ሰዓት አይጠብቅም።

በቤትዎ ይሞክሩት። 200 ግራም የበሬ ሞራ በቀስታ አቅልጠው በነጠላ ጨርቅ ያጥሩ። ሁለት ያልተጎነጎኑ የጥጥ ፈትሎች እየነከሩ፣ በየመሐሉ እያቀዘቀዙ፣ የእያንዳንዱ ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ይደጋግሙ። በየሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ምልክት ያድርጉና አሸዋ በሞላ ትሪ ላይ አቁመው ያብሯቸው። አንዱን ነፋስ በሌለበት፣ ሌላውን ገርበብ ባለ መስኮት አጠገብ አንድደው እያንዳንዱ ምልክት የደረሰበትን ደቂቃ ይመዝግቡ። በነፋሱ በኩል ያለው ፈጥኖና ተዛብቶ ሲያልቅ ያያሉ። ከመድረክ በላይ ያለው ቦታም ነፋሻ ነው።

መርማሪዎ የሚይዘው ፍንጭ ከዚሁ ይወጣል። ወንጀለኛው ብልህ ከሆነ ክር መቁረጥ ብዙም የማያስፈልገውን የንብ ሰም ሻማ ይመርጣል። ሰም ደግሞ ውድ ነው፤ ለባለጸጋ ታዳሚ እንጂ ጣሪያ ሥር ለሚሠራ ገመድ ጎታች አይሰጥም። መርማሪዎ ሳንቃው ላይ የረጋ ጠብታ አግኝታ ስታሸተው እንደ ጧፍ ከሸተታት፣ ሻማው ከአዳራሹ እንደተሰረቀ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከመቅረዞቹ አንዱ ለምን ባዶ ሆነ የሚል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በኦፔራ መሐል ማን የት እንደነበረ እንዴት ልቆጣጠር? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ መድረክ ላይ ያለው ሰው፣ የሚጫወቱት መሣሪያዎች፣ የሚፈጀው ደቂቃ። የዘመኑ አሪያ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ይዘፈናል፣ አጭር ሁለተኛ ይከተላል፣ ከዚያ መጀመሪያው በጌጥ ይደገማል። ለአንዱ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይያዙ። ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ አሪያውን ጨርሶ፣ ጭብጨባውን ተቀብሎ ይወጣል። ከአሪያው በኋላ ቆሞ ሲያወራ ከጻፉት ሰንጠረዡ ይፈርሳል፤ ቀጣዩ አሪያ እስኪመጣ ከመድረክ ጀርባ ያለውን ነጻ ጊዜ ማንም ሊቆጥርለት አይችልም።

ከዘፋኞቹ ይልቅ ግን ኦርኬስትራው ጥሩ ተጠርጣሪዎች አሉት። «ጁሊዮ ቼዛሬ» አራት ሆርን (ጥምዝ የብረት መለከት) ይፈልጋል። በመጀመሪያው ገቢር ቄሳር ድምፁን አጥፍቶ ስለሚያደባ አዳኝ በሚዘፍንበት አሪያ አንዱ ሆርን ብቻውን ያጅበዋል። ከዚያ እስከ ሦስተኛው ገቢር ማብቂያ ሆርን ነፊዎቹ ሥራ የላቸውም ማለት ይቻላል። የመድረክ መሣሪያው የሚወድቅበት ስንኝ በሁለተኛው ገቢር ነው። አዳኙን ያጀበው ሰው ራሱ አድፍጦ ቢገኝ ደስ ይለናል።

ማስረጃውም የሚሰማ ነው። በብርድ አየር ውስጥ ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ የቀዘቀዘ የትንፋሽ መሣሪያ ዝቅ ብሎ ይጮኻል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ከቀዘቀዘ የግማሽ ቶን (በፒያኖ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መሐል ያለው የድምፅ ልዩነት) ሲሶ ያህል ይወርዳል። ነፊዎ ሆርኑን ይዞ በፌብሩዋሪ ብርድ ውጭ ተደብቆ ቆይቶ ለመጨረሻው ትዕይንት ሮጦ ቢደርስ፣ ከአራቱ የእሱ ብቻ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ጥቂት ደቂቃ ከነፋ በኋላ ትንፋሹ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ መርማሪዎ የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች መስማት አለባት። በሰኔ ሙቀት ይህ አይሠራም፤ ወቅቱን አይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ቀኖቹ አምታቱኝ። አንዱ መጽሐፍ 1723፣ ሌላው 1724 ይላል። (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ጁሊዮ ቼዛሬ» መጀመሪያ የታየው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1724 ነው፤ በእንግሊዝ ግን እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት በሕግ የሚገባው ማርች 25 ስለነበረ ሰነዶች 1723 ሊሉት ይችላሉ። እንግሊዝ ያኔ የምትጠቀመው የዩልዮስን አቆጣጠር ሲሆን፣ በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት አንድ ቀን በመጨመር ከእኛ ጋር ይስማማል። ያ ምሽት በእኛ የካቲት 25 ቀን 1716 ነበር፤ ጎንደር ላይ የነገሡት አፄ በካፋ ናቸው፣ ልብስ ለውጠው በሕዝብ መሐል ይዘዋወሩ እንደነበር የሚነገርላቸው።

ቬኒስ ደግሞ ከለንደን 11 ቀን ትቀድማለች፤ ዓመቷም የሚገባው ማርች 1 ነው። ይህን ለፍንጭ ይጠቀሙበት። «ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1723» የሚል የቬኒስ ደብዳቤ ለንደን ማርች 9 ቀን 1724 ደረሰ። ዓመቱን ከጃንዋሪ 1 ለሚቆጥር ከዓመት በላይ የዘገየ ይመስላል፤ ዓመቱን ያረመ ደግሞ 10 ቀን ብቻ ቆጥሮ ሐሰተኛ ነው ይላል። በትክክል የተጻፈው በለንደን ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1724 ስለሆነ 21 ቀን ተጉዟል። መርማሪዎ ንጹሑን ሰው በዚህ ስሌት ታድነዋለች።

ጥያቄ፦ እውነተኞቹን ሰዎች ወንጀለኛ ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አያድርጉ። ሄንደል፣ ሴኔሲኖና ዘፋኟ ፍራንቼስካ ኩዞኒ ምስክር ይሁኑ፤ ጥፋተኛው የፈጠሩት ሰው ይሁን። ሴኔሲኖ በልጅነቱ የተኮላሸ ዘፋኝ ነበር፤ ሳቁን ከድንጋጤው ያውጡ እንጂ ከሰውነቱ ወይም ከድምፁ አይፈልጉት። ኩዞኒን በተመለከተ፣ በ1725 በሄንደል ኦፔራ «ሮዴሊንዳ» ላይ የለበሰችው በብር ያጌጠ ቡናማ የሐር ቀሚስ የለንደን ወጣት ሴቶች ፋሽን ሆኖ ነበር። ያ ቀሚስ ቢጠፋ የማይጠረጠር ልብስ ሰፊ ከተማው ውስጥ አይኖርም።