መልስ፦ ቫሌንሲያ ከልጆች ጋር

እህቴ፣ ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር ለስፔኗ ከተማ ለቫሌንሲያ ሦስት ቀን ይበቃል ወይ ላልሽው፣ በደንብ ይበቃል። መጀመሪያ ቱሪያ ፓርክ ውሰጃቸው። ድሮ ወንዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ከተማዋን ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ ወንዙን በሌላ በኩል አሳልፈው፣ የደረቀውን መሬት መናፈሻ አደረጉት። እዚያ መሬት ላይ የተጋደመ፣ የልብ ወለዱ ገፀ ባሕርይ የጉሊቨር ግዙፍ ምስል አለ። ልጆች ላዩ ላይ ወጥተው በልብሱ እጥፋት ይንሸራተታሉ። በነፃ ነው። የኔው ልጅ የሱሪው መቀመጫ እስኪሳሳ አልወርድም ብሎ አስቸገረኝ! በሙቀቱ ወራት ግን ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት መንሸራተቻው ይፋጃል።

ማልቫሮሳ ባህር ዳርቻ በትራም ይደረሳል፣ አሸዋው ሰፊ ነው። የባህር እንስሳት የሚታዩበት ኦሴያኖግራፊክ ዋጋው ወደድ ይላል፤ ግማሽ ቀን ያዢለት። ሲደክማቸው ኦርቻታ የሚባል ቀዝቃዛ መጠጥ ግዢላቸው። ወተት ይመስላል እንጂ ወተት የለበትም፣ ለጾመኛም ይሆናል።